የስቲል ጊታር አምፕሊፋየር አመራረጥ፤ ለአንድ ወጣት ሙዚቀኛ የተሰጠ መልስ



በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ጸሐፊው በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ የሚማር ወገናችን ሲሆን ስሙን እንዳንገልጽበት ለምኖናል። ቀን ቀን ይማራል፤ ማታ ማታ በአንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ከጓደኞቹ ጋራ በመጠጥ ቤትና በሠርግ አዳራሽ ስቲል ጊታር ይጫወታል። ደብዳቤውን አሳጥረን ስናቀርበው እንዲህ ይላል።

«መሣሪያውን መማር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን በሰው ፊት አፈርሁ። ተውሼ የወሰድኋት ትንሽ አምፕሊፋየር በቤቴ ሳለሁ ድምፅዋ የሚያስደስት ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ከበሮው ሲጀምር ግን የኔ ድምፅ ጠፋ። ከፍ ባደርጋት ደግሞ ድምፅዋ ሻከረ፤ ሰዎችም ዞር ዞር እያሉ ያዩኝ ጀመር። የባንዱ አለቃ የአንድ ወር ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ካልተሻሻልሁ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ያጠራቀምሁት ገንዘብ አንድ አምፕሊፋየር ብቻ የሚገዛ ስለ ሆነ ብሳሳት ሁለተኛ ዕድል የለኝም። አንዱ ወዳጄ ትልቁን ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ስመ ጥሩውን ግዛ ይለኛል። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ተማሪ ወይም በቢሮ የሚሠራ ወጣት፣ «እኔ ስቲል ጊታር አልጫወት፤ ይህ ነገር ምን ይረባኛል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በትንሽ ገንዘብ አንድ ትልቅ ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። አንዱ በመጠኑ ይመክረዋል፤ ሌላው በስሙ ይመክረዋል፤ ዕቃው ስለሚሠራው ሥራ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኛም ለወንድማችን የምንመልስለት ከዚሁ ከሥራው ተነሥተን ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ስቲል ጊታር እንደ ተራው ጊታር በደረት ላይ ታቅፈው የሚይዙት አይደለም። በጭን ወይም በእግሮቹ ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል። ተጫዋቹ በቀኝ እጁ ጣቶች ላይ በሰካቸው መምቻዎች ክሮቹን ይመታል፤ በግራ እጁ ደግሞ ለስላሳ የብረት ዘንግ ይዞ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ብረት ነው። ድምፁ እንደ ሰው ዜማ ሳይቆራረጥ ከአንዱ ማዕረግ ወደ ሌላው ይፈስሳል። አጨዋወቱ የተጀመረው በሃዋይ ደሴቶች ሲሆን፣ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የሃዋይ ተወላጅ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንዳስፋፋው ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ስቲል ጊታርና አምፕሊፋየር ከጥንት ጀምረው ወንድማማቾች ናቸው። በገበያ ላይ ውለው ከተሳካላቸው የኤሌክትሪክ ጊታሮች የመጀመሪያው በ1932 የወጣው የሪከንባከር ስቲል ጊታር ነበር፤ ቅርጹን ያዩ ሰዎች «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጋደመው መሣሪያ ድምፅ በነሐስ መሣሪያዎችና በከበሮ መካከል ይዋጥ ስለ ነበረ፣ ከሁሉ ይልቅ የኤሌክትሪክን እርዳታ የፈለገ እርሱ ነው። ሊዮ ፌንደርም በ1945 ከዶክ ካውፍማን ጋራ ሥራ ሲጀምር የሠራው ስቲል ጊታርንና አምፕሊፋየርን አንድ ላይ ነበር። ቈይቶም የክሮቹን ቅኝት በእግር የሚለውጡ ፔዳሎች ተጨመሩበት። በ1954 በወጣው በዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ በድ አይዛክስ የተባለው ሙዚቀኛ ይህን አጨዋወት ካሰማ በኋላ የናሽቪል ሙዚቃ መልኩን ለወጠ።

መሣሪያው የነጭ አሜሪካውያን ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ጥቁር አሜሪካውያን ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናቸው በኦርጋን ፈንታ ይጸልዩበታል። በአፍሪካችንም የናይጄሪያው ኪንግ ሰኒ አዴ ፔዳል ስቲልን በጁጁ ሙዚቃ ውስጥ አስገብቶ፣ በዴሞላ አዴፖጁ እጅ ለዓለም አሰምቶታል። ስለዚህ ወንድማችን በዚህ መሣሪያ ላይ መቀመጡ አያስገርምም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ወንድሜ ሆይ፤ ያሳፈረህ የአምፕሊፋየሯ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የአንተ መሣሪያ ከሌላው ጊታር የተለየ ጠባይ ስላለው ነው። ስቲል ጊታር ተጫዋች ቀኝ እግሩን በድምፅ ፔዳል ላይ ያሳርፋል። ክሩን ሲመታ ፔዳሉን ግማሽ ያህል ብቻ ከፍቶ ይይዛል። የተመታው ክር ድምፅ እየሞተ በሄደ መጠን እግሩን ቀስ እያደረገ ይጫናል። አድማጩም ድምፁ ሳይቀንስ የቆየ ይመስለዋል። ያ ልብ የሚነካው ረጅም ዜማ የሚገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ልብ አድርግ። ፔዳሉ ግማሽ ላይ ሳለ ድምፅህ በቂ ሆኖ እንዲሰማ አምፕሊፋየሩ ከፍ ብሎ መከፈት አለበት። እግርህ ፔዳሉን እስከ ታች ተጭኖ ሳለ አዲስ ክር ብትመታስ? ያ ምት ከተለመደው እጅግ የበለጠ ሆኖ ይገባል። አምፕሊፋየሩ ለዚህ ጊዜ ያስቀመጠው ትርፍ ኃይል ከሌለው የድምፁ ጫፍ ይቆረጥና ይሻክራል። የሮክ ጊታር ተጫዋች ይህን ሻካራ ድምፅ ፈልጎ ያመጣዋል፤ ለእርሱ ጌጥ ነው። ለስቲል ጊታር ግን፣ በተለይ ሦስት አራት ክሮች አብረው በሚሰሙበት ጊዜ፣ ሻካራነት ዜማውን ያበላሸዋል። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው የሚጮኽ አምፕሊፋየር ሳይሆን ሳይጨነቅ የሚናገር አምፕሊፋየር ነው።

«ታዲያ ስንት ዋት ይበቃኛል?» ማለትህ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበትን ነገር ልንገርህ። የዋት ቍጥር በእጥፍ ቢያድግ ድምፁ በእጥፍ አያድግም። ከ20 ዋት ወደ 40 ዋት ብትሸጋገር የምታገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ የሚለየው፣ ነገር ግን መጠነኛ የሆነ ልዩነት ነው። ድምፁ ለሰው ጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል መብዛት አለበት፤ ይኸውም ከ20 ዋት ወደ 200 ዋት ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ «ይህ 60 ዋት ነው፤ ያ ግን 80 ነው» እያለ ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅህ፣ ልዩነቱ ከአንድ ዴሲቤል ጥቂት የሚያልፍ ብቻ መሆኑን አስታውስ።

ከዋቱ ይልቅ ሰው የማይጠይቀው የስፒከሩን ጠባይ ነው። ስፒከሮች አንድ ዋት ሲሰጣቸው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰሙት ድምፅ በዴሲቤል ተለክቶ በመግለጫቸው ላይ ይጻፋል። አንዱ 97፣ ሌላው 100 ቢል፣ ባለ 100ው በ50 ዋት የሚያሰማውን ድምፅ ባለ 97ቱ ለማሰማት 100 ዋት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጥሩ ስፒከር መግዛት ኃይልን በእጥፍ እንደ መግዛት ይቈጠራል፤ የሚሸከሙትም ክብደት ላይጨምር ይችላል።

የስፒከሩም ስፋት የሚመረጠው በቅኝትህ ነው። የምትጫወተው በናሽቪል በተለመደው በኢ ናይን ቅኝት ከሆነ፣ ከክሮችህ ወፍራሙ በሴኮንድ 123 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ለዚህ 12 ኢንች ስፒከር ይበቃል። ሲ ሲክስ የሚባለውን ቅኝት የምትጨምር ከሆነ ግን ወፍራሙ ክር ወደ 65 ይወርዳል፤ ይህም ከተራው ጊታር ወፍራም ክር፣ ከ82ቱ፣ እንኳ ያነሰ ነው። የቀድሞ ሰዎች 15 ኢንች ስፒከር ይወዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ በስቲል ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀው ፒቪ ናሽቪል 400 የሚባለው 210 ዋትና አንድ 15 ኢንች ስፒከር አለው። ከርሱ በኋላ የመጣው ናሽቪል 112 ደግሞ 80 ዋትና አንድ 12 ኢንች ስፒከር ይዞ በብዙ መድረክ ላይ ሥራውን ሠርቷል።

ስለ ክብደቱስ? ይህን ጕዳይ ወጣቶች ይንቁታል፤ ወገባቸው የታመመ ሽማግሌ ሙዚቀኞች ግን አይንቁትም። ባለ ሁለት አንገት ፔዳል ስቲል ከነሣጥኑ ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ወንበሩ፣ የድምፅ ፔዳሉና ሽቦው አሉ። ወዳጅህ «ስመ ጥሩውን ግዛ» ያለህ ምናልባት የፌንደርን ትዊን ሪቨርብ አስቦ ይሆናል። በ1963 የወጣ፣ 85 ዋት ያለው፣ በቫልቭ የሚሠራ፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ብዙ የስቲል ተጫዋቾች የተጠቀሙበት ግሩም ዕቃ ነው። ነገር ግን በዚያው አምሳል እንደ ገና የተሠራው ክብደቱ 29 ኪሎ ያህል ነው። በሌሊት ከሥራ ስትመለስ ይህን ይዘህ ሦስት ፎቅ ስትወጣ ስሙን አታነሣውም፤ እርሱን ለማንሣት ብቻ ነው የምትታገለው።

ዛሬ ግን ችግሩን የሚያቃልል ነገር መጥቷል። ክላስ ዲ የሚባለው አሠራር ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚያሳልፈው በሙቀት የሚባክነው ኃይል ጥቂት ነው። ስለዚህ ከባድ የብረት ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ከቀላል የኃይል ማደያና ኒዮዲሚየም ከሚባል ማግኔት ከተሠራ ስፒከር ጋራ ሲጣመር ሣጥኑ በጣም ይቀልላል። ያው የፌንደር ኩባንያ በ2019 ያወጣው፣ የቫልቩን ድምፅ በዲጂታል ዘዴ የሚመስለው የትዊን ሪቨርብ ዓይነት 15 ኪሎ ብቻ ነው። የግማሽ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ጉድለቱን መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም። ክፍሎቹ ጥቃቅን ስለ ሆኑ ሲበላሽ የሰፈር ጠጋኝ በቀላሉ አይጠግነውም። የቀድሞው ከባዱ ዕቃ ግን በማንኛውም ጐበዝ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ይድናል።

ሌላው ማወቅ ያለብህ በምን ዓይነት ቦታ እንደምትጫወት ነው። አዳራሹ የራሱ የድምፅ መሣሪያ ያለው እንደ ሆነ፣ በአምፕሊፋየርህ ፊት ማይክሮፎን ይቆማል ወይም ከጀርባው በሽቦ ይወሰዳል። ሕዝቡን የሚያደርሰው የቤቱ መሣሪያ ነው፤ ያንተ አምፕሊፋየር ለአንተና ለጓደኞችህ ቢሰማ ይበቃል። እንዲህ ያለ ቤት ከሌለና አንተ ራስህ አዳራሹን መሙላት ካለብህ ግን ትርፍ ኃይሉ የግድ ነው። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት በሦስት ወር ውስጥ የተጫወታችሁባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ ጻፍና ከየትኛው ዓይነት እንደሚበዙ ቍጠር።

አቀማመጡንም አትርሳ። አምፕሊፋየሩን ከወንበርህ በስተኋላ መሬት ላይ ብታስቀምጠው ቀጭኑ ድምፅ በእግርህ አጠገብ ያልፋል፤ አንተም አልሰማ ስላለህ ከፍ ታደርገዋለህ፤ ከፊት ያለው አድማጭ ግን ጆሮው ይወጋል። ወንበር ላይ አስቀምጠው፤ ወይም ወደ ኋላ አዘንብለህ ፊቱን ወደ ጆሮህ አድርገው። በግድግዳ ጥግ ብታስጠጋው ወፍራሙ ድምፅ ይበዛል። ድምፁ በአፍንጫ የሚናገር ሰው ከመሰለህ ደግሞ የመካከለኛውን ድምፅ ቍልፍ ቀንስ፤ ብዙ የስቲል ተጫዋቾች በሴኮንድ 800 ገደማ ያለውን ይቀንሳሉ። የመካከለኛ ድምፅ ማስተካከያ የሌለው አምፕሊፋየር ለአንተ አይስማማህም።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የሦስት እግር ሶኬት የመሬት ሽቦ ያለው ለሕይወትህ ነው፤ «ይጮኻል» ብለህ አትቍረጠው። እጅህ ክሮችና ብረት ይዟልና ብልሽት ቢኖር መንገዱ አንተ ትሆናለህ። የቫልቭ አምፕሊፋየርም ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ የሚገድል ኃይል ሊያስቀር ስለሚችል ሳታውቅ አትክፈተው። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የአገራችን 220 ነው። አንድ ቀን ይዘኸው ልትመጣ ካሰብህ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብብ። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ መሰኪያውን ብቻ ትለውጣለህ፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳትገዛ ብትሰካው በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። የራስህን ስቲልና የድምፅ ፔዳል ይዘህ ሂድ፤ በሱቁ ተራ ጊታር የተሞከረ አምፕሊፋየር ለአንተ አልተሞከረም። ፔዳሉን ግማሽ ላይ አድርገህ ከበሮ ባለበት ቦታ የሚበቃህን ድምፅ አውጣ። ከዚያ ፔዳሉን እስከ ታች ተጭነህ ሦስት ክር አንድ ጊዜ በኃይል ምታ። ጥርት ብሎ ከወጣ ትርፍ ኃይል አለው፤ ከሻከረ ግን ዋጋውን ሳትጠይቅ ተወው። አሮጌ ዕቃ ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ይቈይ፤ ቍልፎቹንም አዙራቸው፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ የማስጠገኛውን ሒሳብ ከዋጋው ቀንስ። በመጨረሻም በአንድ እጅህ አንሣውና በሱቁ ደረጃ ላይ ወጥተህ ውረድ። ሻጩ ቢስቅም ግድ የለህም፤ በሌሊት ደረጃውን የምትወጣው አንተ ነህ።

ውሳኔያችንን ትጠይቅ እንደ ሆነ፣ በጻፍህልን ሁኔታ ላለ ሰው ከ80 ዋት የማያንስ፣ አንድ ጥሩ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ የመካከለኛ ድምፅ ማስተካከያና ለቤቱ መሣሪያ የሚሆን መውጫ ያለው፣ ክብደቱም ከ18 ኪሎ የማያልፍ አምፕሊፋየር ይበቃዋል። በቫልቭ የማይሠራ ከሆነ ዋቱ ከዚህም ቢበልጥ መልካም ነው፤ ትራንዚስተር ከዐቅሙ በላይ ሲገደድ ከቫልቭ ይልቅ ክፉኛ ይሻክራልና። አሮጌም ቢሆን አትፈር። ሁለቱም ወዳጆችህ ግማሽ እውነት ነግረውሃል። ትልቁን ግዛ ያለህ ስለ ኃይሉ ልክ ነው፤ ስለ ሸክሙ ግን ተሳስቷል። ስመ ጥሩውን ግዛ ያለህም ስለ ድምፁ ልክ ነው፤ ስለ ፎቁ ግን አላሰበም።

አንድ ነገር ብቻ ጨምረን እንለይህ። ገንዘብህን ሁሉ ለሣጥኑ አታውለው። ሽቦ ይበጠሳል፤ ፊውዝ ይቃጠላል፤ መኪና ለመከራየት የምትገደድበት ሌሊት ይመጣል። ደመወዙን በወሩ 15 ቀን የሚጨርስ ሰው ትንሽ እንግዳ ሲመጣበት እንደሚጨነቅ ሁሉ፣ ዐቅሙን ሁሉ አውጥቶ የሚሠራ አምፕሊፋየርም ትንሽ ምት ሲጨመርበት ይጮኻል። ለመሣሪያህ የመረጥህለትን ትርፍ ለኪስህም አትንፈገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ አለቃህ የአንድ ወር ጊዜ ስለ ሰጠህ ከወሩ ሁለቱን ሳምንት ለመስማት፣ አንዱን ለመግዛት፣ የቀረውን ከአዲሱ ዕቃህ ጋራ ለመለማመድ አድርገው።

ከወር በኋላ ያለችው ቅዳሜ እንዴት እንደ ነበረች ብትጽፍልን እኛም አንባቢዎቻችንም ደስ ይለናል። ለዛሬው በዚህ ይብቃን፤ ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።